ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

በእነዚህ ወራት በመኝታ ክፍላችንም ሆነ በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ ሁለት ወሬ አይጠፋም። አንደኛው የጤፍ፣ የዘይትና የቤት ኪራይ ዋጋ ነው። ሁለተኛው፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገረው፣ «ከእንግዲህ መለየት ይሻላል» ወይም «ሁሉም ተገልብጦ እንደገና ይጀመር» የሚለው ነው። ሁለቱ ከአንድ አፍ ስለሚወጡ ብዙ ሰው የፊተኛው የኋለኛው አባት ነው ብሎ ይደመድማል።

በዚህም ነገር ሁለት ወገን ተነሥቷል። አንደኛው ወገን «ሕዝቡ የቸገረው እንጀራ ነው፤ ዋጋው ሲረክስ ፖለቲካውን ይተወዋል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ችግሩ ይባስ፤ ችግር ሲብስ አብዮቱ ይፈጥናል» ይላል። እነዚህ ሰዎች ባላጋራ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም የሰውን ልጅ ሆድ ብቻ አድርገው ያዩታል። እኛ ግን የአገራችንን ታሪክ ስንመረምር ከሁለቱም ጋር መስማማት አልቻልንም። ችግር ሕዝብን ያስቆጣል፤ ቁጣው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ግን ፍርድ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

አስቀድመን ወሎንና ኤርትራን እናስተያይ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሀብ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። ገበሬው በሬውን ሸጦ፣ ቤቱን ዘግቶ፣ እህል ፍለጋ ወጥቶ በአውራ ጎዳና ላይ ወደቀ፤ መንግሥትም ነገሩን ሸሸገው። ይሁን እንጂ ያ ረሀብ ወሎን ከኢትዮጵያ ለመለየት የሚታገል ጦር አልወለደም።

ኤርትራ በአንጻሩ በዚያ ዘመን ከብዙዎቹ ጠቅላይ ግዛቶች ይልቅ ፋብሪካ፣ የባቡር ሐዲድና የወደብ ሥራ ነበራት። ሥራ ያጣ ሠራተኛ እዚያም ብዙ እንደ ነበረ አንክድም። ነገር ግን ጠመንጃ ያስነሣው ሥራ ማጣት ብቻ አልነበረም። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲጀመር ኤርትራ የራስዋ ምክር ቤት፣ የራስዋ ሰንደቅ ዓላማና የራስዋ የሥራ ቋንቋዎች ነበሩዋት። ከዚያ በኋላ ጋዜጦች ተዘጉ፤ በ1950 ዓ.ም. አድማ በመቱ የአሥመራ ሠራተኞች ላይ ጥይት ተተኰሰ፤ በ1951 ዓ.ም. ሰንደቅ ዓላማዋ ወረደ። ነሐሴ 26 ቀን 1953 ዓ.ም. ሐሚድ ኢድሪስ አዋቴ የመጀመሪያውን ጥይት ተኰሱ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ራሱ ፈረሰ። የተከተለው ጦርነት ሠላሳ ዓመት ፈጀ። እንግዲህ የተገነጠለው እጅግ የተራበው አገር ሳይሆን ውሉ የፈረሰበት አገር ነው።

ጎጃምም ሌላ ምስክር ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት አመፀ። ጦርና አውሮፕላን ተላከበት፤ አልበረደም። በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ፤ አመፁም ረገበ። ዘግይቶም ቢሆን አቤቱታው ሰሚ ስላገኘ ነገሩ ከግብር አልፎ ወደ መለየት ጥያቄ አልሄደም።

ወደ አብዮቱ እንመለስ። በጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግባቸውና በውኃቸው ክፋት ምክንያት አደሙ። የካቲት 11 ቀን ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ መወደድ፣ መምህራን ደግሞ «ሴክተር ሪቪው» በተባለው የትምህርት ዕቅድ ምክንያት ሥራ አቆሙ። እስከዚህ ድረስ የኢኮኖሚ ጥያቄ የሚመስል ነው። መንግሥትም እንደዚያው አየውና የነዳጁን ዋጋ ቀነሰ፣ ዕቅዱን አዘገየ፣ የወታደሩን ደመወዝ ጨመረ። ሆዱ ሲጠግብ ይተወዋል የሚለው አስተያየት እውነት ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ነገር ግን የካቲት 20 ቀን የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ፤ አድማውም ቀጠለ። ሚያዝያ 12 ቀን አዲስ አበባ ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ የእስልምና ሃይማኖት ተከታዮችን እኩልነት ለመጠየቅ ተሰለፈ። የዚህ ሰልፍ ጥያቄ የስኳር ወይም የቤንዚን ዋጋ አልነበረም።

ደርግም ይህን አልሳተውም። ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ከማውረዱ በፊት በነበረው ምሽት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የወሎን ረሀብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አጣምሮ በቴሌቪዥን አሳየ። ሕዝቡን ያንገበገበው የእህሉ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ሌላው ሲሞት የሌላው ድግስ መቀጠሉና ነገሩ መሸሸጉ ነበር።

ያገራችን ሰው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለው ስለዚህ ነው። በቅሎ ከጭብጦ ጋር በዋጋ አትወዳደርም፤ ሰው ግን ቁጭቱን በዋጋ አይመዝንም።

መለየትንና አብዮትን የሚለያያቸውም ከዚሁ የሚመጣ ይመስለናል። ታክሲ ነጂው፣ መምህሩና ወታደሩ በአንድ ወር ውስጥ ሲያድሙ «የተበደልነው ሁላችን ነን» ብለው አስበዋል፤ ይህ አስተሳሰብ ወደ አብዮት ይወስዳል። «የተበደልነው እኛ ነን፤ የበደሉን እነርሱ ናቸው» የሚለው አስተሳሰብ ግን ወደ መለየት ይወስዳል። የኑሮው ችግር አንድ ሆኖ ሳለ መንገዱን የሚለየው፣ ሕዝቡ የበደሉን መዝገብ በማን ስም እንደ ከፈተው ነው። ዋለልኝ መኰንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች ጋዜጣ ስለ ብሔረሰቦች የጻፈው ያን ያህል ያነጋገረው የእህል ዋጋ ስላነሣ አልነበረም፤ ቋንቋው፣ ስሙና ልብሱ የተናቀበትን ሰው ጉዳይ ስላነሣ ነው።

የሌላው ዓለም ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ከዩጎዝላቪያ ስድስት ሪፐብሊኮች በኑሮ የተሻለችው ስሎቬንያ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1991 ነጻነታቸውን በመጀመሪያ ካወጁት ሁለቱ አንዷ ግን እርስዋው ናት። ከቅሬታዎችዋ አንዱ ገንዘባችን ሳንጠየቅ ይሄዳል የሚል ነበር። በምሥራቅ ፓኪስታን ደግሞ ድህነቱ የቆየ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1970 የደረሰው አውሎ ነፋስም በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ጨረሰ። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በሚቀጥለው ወር የሄደው ወደ ምርጫ እንጂ ወደ ጦር ሜዳ አልነበረም። ያሸነፈው ፓርቲ ምክር ቤት እንዳይገባ ሲከለከልና በማርች 1971 ጦር ሲዘምትበት ነው ባንግላዴሽ የተወለደችው።

ችግር ይባስ የሚሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ የኋላውን ይመልከቱ። የ1966ቱ አብዮት በሦስት ዓመት ውስጥ ቀይ ሽብርን አመጣ፤ በዚያ ካለቁት ብዙዎቹ እንደ እኛ ደብተር የያዙ ወጣቶች ነበሩ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. በሕዝብ ድምፅ ነጻ ከሆነች አምስት ዓመት በኋላ የባድሜ ጦርነት ተነሣ። ነዳጅ ያላት ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2011 ነጻ ወጥታ በዲሴምበር 2013 እርስ በርስዋ ተዋጋች። መለየትም ሆነ አብዮት ፍርድን በራሱ ይዞ አይመጣም፤ ፍርድ የጎደለበት ሁሉ ያው ጉድለት ተከትሎት ይገባል።

ዛሬስ? በአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 የመገንጠል መብት ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተደረገው ጦርነት ያደረሰው ጉዳት ገና አልሻረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደመወዝተኛው ከዋጋ ጋር እኩል መራመድ አቅቶታል። በዚህ ጊዜ «ዘይት አከፋፍለን ዝም እናሰኛለን» ማለት የ1966ቱን ስሕተት መድገም ነው። «የሚያጉረመርመውን እንሰር» ማለት ደግሞ ከኤርትራ አለመማር ነው።

መደረግ ያለበት ግልጽ ነው። የፌዴራል ድጎማ ለክልሎች የሚከፋፈልበት ቀመር በፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወሰናል፤ ቀመሩ ገበሬውና ነጋዴው በሚያውቁት ቋንቋ ይብራራ፤ ማን ምን ያህል እንዳገኘና በምን ላይ እንዳዋለው በአደባባይ ይነገር። ስለ ዋጋ የሚናገር ሰው የማን ወገን ነው ተብሎ ሳይጠረጠር ይናገር። ረሀብ ባለበት ረሀብ አለ ይባል። መምህሮቻችንም በዚህ ረገድ አርአያ አላቸው፤ በ1965 ዓ.ም. የወሎን ረሀብ በፎቶግራፍ ለተማሪው ያሳዩት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የራሳችንን ግቢ እንይ። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ በተማሪ ላይ ተነሥቶ ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙ ሺህ ተማሪም ትምህርቱን ጥሎ ወደ ወላጆቹ ተመልሷል። የዚያን ጊዜም ሁሉም በአንድ አዳራሽ አንድ ዓይነት ወጥ ይበላ ነበር። ስለዚህ ማኅበራችን የምግብ ኮሚቴውን ሒሳብ በየወሩ በሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ በመኝታ ክፍል ድልድልም ሆነ በቅጣት የተበደለ ተማሪ የትውልድ ቦታው ሳይጠየቅ አቤቱታው ይሰማ፤ «ልለይ» የሚለውንም ጓደኛችንን ከመስደባችን በፊት ምን እንደ ተወሰደበት እንጠይቀው። በአንድ ግቢ ውስጥ ፍርድ ማቆም ካቃተን፣ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ስንቀመጥ ለአገር እናቆማለን ብንል የሚያምነን የለም።