አሮጌው ቤዝ ጊታር ለመስታወት ሣጥን አልተሠራም

በዘመናችን ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ፥ ዕድሜ የጠገበ የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ያለው ሰው መሣሪያውን ለድምፁ እንደሚስማማው ሊያሻሽለው ይገባዋል ወይስ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሳይነካ ሊያኖረው ይገባዋል የሚለው ነው። ነገሩ ለሚሰማው ሰው የጥቂት ሙዚቀኞች የጓዳ ወሬ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን፥ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠበቀው ለማን ነው፥ የሚጠበቀውስ ስለ ምን ነው ወደሚል ትልቅ ጥያቄ ያደርሰዋል። «አትንኩት» የሚሉት ወገኖች ብዙ ስለ ተናገሩ፥ እኛም በበኩላችን መልስ ለመስጠት ተነሥተናል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ለአንባብያን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የነዚህ ሰዎች አሳብ ባጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው። ከ1951 እስከ 1965 ድረስ በካሊፎርኒያ፥ በፉለርተን ከተማ፥ በሌዎ ፌንደር ፋብሪካ የተሠራው ቤዝ ተመልሶ የማይገኝ ነው፤ ስለዚህ ብሎኑና ሽቦው፥ ቀለሙና ብየዳው ሳይቀር እንደ ቅርስ ሊጠበቅ ይገባል፤ አንዲት መቈጣጠሪያ ቁልፍ የለወጠ ሰው ታሪክ እንዳጠፋ ይቈጠራል። ነጋዴዎቹም ይህንኑ ይዘው መሣሪያውን ይከፍቱና በባትሪ መብራት ውስጡን ይመረምራሉ። ብየዳው ተነክቶ እንደ ሆነ ዋጋው ይወድቃል፤ ቀለሙ እንደ ገና የተቀባ እንደ ሆነ ደግሞ፥ በንግዱ ልማድ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ልብ ብለህ ተመልከት፤ በዚህ ሁሉ ምርመራ ውስጥ መሣሪያውን ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ የሚያዳምጠው ሰው የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ አይመጣም።

«ከሠሪው እጅ እንደ ወጣ» የሚለውን ቃል ደጋግመው ስለሚያነሡት፥ ሠሪው ራሱ ምን ያደርግ እንደ ነበረ እንመልከት። ሌዎ ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበረ፤ ጊታር መጫወት ግን አያውቅም ነበር። በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን መሣሪያ ለገበያ ባወጣ ጊዜ፥ የቤዝ ተጫዋች ከቁመቱ የሚበልጠውን ትልቁን የእንጨት ቤዝ ተሸክሞ ይዞር ነበር፤ ከመለከቱና ከከበሮው መካከልም ድምፁ እየተዋጠ አይሰማለትም ነበር። ፌንደር መሣሪያውን አሳንሶ ድምፁን በኤሌክትሪክ አወጣለት፤ በአንገቱም ላይ ፍሬት ደርድሮ ጣት ያለ ስሕተት ከልኩ ላይ እንዲያርፍ አደረገ። ትክክለኛነት የሚል ትርጕም ያለውን ስም ያገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው። ደግሞም አንገቱን ከአካሉ ጋር በሙጫ አላጣበቀውም፤ የተበላሸ እንደ ሆነ በካቻቪቴ ተፈትቶ ሌላ እንዲተካበት በአራት ብሎን አሰረው። ሊፈታ ታስቦ የተሠራን ዕቃ መፍታት ሠሪውን መዳፈር የሚሆነው እንዴት ነው?

እርሱ ራሱ የሠራውን እንደ ሠራው አልተወውም። በ1954 የመሣሪያውን ጠርዝ ለተጫዋቹ ክንድና ደረት እንዲመች ሸረፈው። በ1957 ደግሞ አንዱን ፒክአፕ ትቶ በሁለት የተከፈለ ፒክአፕ አገባበት፤ ሁለቱ ጥቅል ሽቦዎች በተቃራኒ ስለ ተጠቀለሉና የማግኔታቸውም አቅጣጫ ተቃራኒ ስለ ሆነ፥ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው እምምታ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የአውታሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ዛሬ ዓለም ሁሉ «የፕሪሲዥን ድምፅ» የሚለው ይህን ከስድስት ዓመት በኋላ የመጣውን ማሻሻያ ነው። ፌንደር በ1957 «ከፋብሪካ እንደ ወጣ አትንኩት» ለሚል መካሪ ታዝዞ ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ የሚያመልኩት ድምፅ ባልተፈጠረም ነበር።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ፌንደር ቤዝ የሚጫወት ሰው በአውራ ጣቱ አውታሩን እየመታ የቀሩትን ጣቶቹን የሚያሳርፍበት ትንሽ ድጋፍ ከቀጭኑ አውታር በታች ገጥሞ ነበር። ተጫዋቾቹ ግን በጠቋሚና በመካከለኛ ጣታቸው መምታት ስለ መረጡ ድጋፉ ሥራ አጣ፤ ፋብሪካውም በ1970ዎቹ ወደ ወፍራሙ አውታር ወገን አዛውሮ የአውራ ጣት ማረፊያ አደረገው። ፒክአፑንና ድልድዩን የሚሸፍኑትን የሚያብረቀርቁ ክዳኖችም ተጫዋቾች ለእጃቸው እንቅፋት ስለ ሆኑባቸው እየነቀሉ ጣሉአቸው፤ ብዙዎቹም የሲጋራ መተርኰሻ ሆነው ቀሩ። ዛሬ ሰብሳቢዎች እነዚያን መተርኰሻዎች በብዙ ገንዘብ እየገዙ ወደ ቦታቸው ይመልሱአቸዋል። ይህን ስንሰማ ሣቃችንን መግታት ያቅተናል።

ወደ ዋናው ነገር፥ ወደ ድምፁ እንመለስ። «አሮጌ እንጨት፥ አሮጌ ድምፅ» የሚለው አባባል በብዙዎች አፍ የተለመደ ነው። የዚህ እምነት ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት የዲትሮይቱን ጀምስ ጀመርሰንን ነው። ጀመርሰን በሞታውን ኩባንያ ስቱዲዮ በ1962 በተሠራ ፕሪሲዥን ቤዝ የ1960ዎቹን ስመ ጥር ዘፈኖች ያጀበ፥ ከቤዝ ተጫዋቾች ሁሉ አለቃ ሊባል የሚገባው ሰው ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እናስላ። ጀመርሰን በ1960ዎቹ አጋማሽ ያንን ድምፅ ሲያስቀርጽ መሣሪያው የሦስትና የአራት ዓመት ዕቃ ነበር። በዘመናችን አነጋገር አዲስ ነበር! ዛሬ የእንጨቱ ሽምግልና ያፈራው ነው እያሉ የሚያሞግሱትን ድምፅ ያወጣው፥ ገና ያልሸመገለ እንጨት ነው።

እንግዲያስ ድምፁ ከየት መጣ? ከሁሉ አስቀድሞ ከጣቱ መጣ፤ ጀመርሰን ቀኝ እጁን ሲያሠራ የሚመታው በጠቋሚ ጣቱ ብቻ ነበር። ከአውታሩም መጣ፤ ወፍራም፥ ገጹ ልሙጥ የሆነ አውታር ይጠቀም ነበር፤ ካልተበጠሰም በቀር አይለውጠውም ነበር። ላብና አቧራ የጠጣ አሮጌ አውታር የቀጭኑን ድምፅ ብልጭታ ያጣል፤ የሚቀረው ወፍራሙና ክቡ ድምፅ ነው። በድልድዩ ክዳን ሥር ያለው ስፖንጅም አውታሩን ጫን ብሎ ስለሚይዘው፥ እያንዳንዱ ድምፅ እንደ ከበሮ ምት ቶሎ ይሰማና ቶሎ ይቆማል። ይህ ሁሉ በጥቂት ገንዘብ፥ በአንድ ከሰዓት በኋላ፥ ባለፈው ዓመት በተሠራ ቤዝ ላይ ሊደረግ ይችላል፤ ከጣቱ በቀር። የጀመርሰን መሣሪያ እርሱ በ1983 ከመሞቱ ጥቂት ቀን አስቀድሞ ተሰርቆ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቢገኝ ኖሮ ሰብሳቢዎቹ አውታሩን እንኳ አያስነኩም ነበር ብለን እናምናለን።

ሁለተኛው ምስክራችን ጃኮ ፓስቶሪየስ ነው። የእርሱም ቤዝ በ1962 የተሠራ ነበር፤ ፌንደር በ1960 ያወጣው ጃዝ ቤዝ የተባለው ዓይነት ነው። ነገር ግን ፍሬቶቹ ተነቅለው ፍንካቾቹ ተደፍነው ነበር፤ በጣት ማረፊያው እንጨት ላይም ለጀልባ የሚሠራበት ጠንካራ ኤፖክሲ ተቀብቶበት ነበር። ከዚህ የተነሣ ድምፁ እንደ ሰው ጕሮሮ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ጠንካራው ቅብም የአውታሩን ጥራት ሳያደበዝዝ ያቆየዋል። በ1976 በስሙ ያወጣው የመጀመሪያው ሸክላ የተሰማው በዚህ መሣሪያ ነው። በኋላም ቤዙ ተሰባብሮ እንደ ገና ተጣብቆአል። በሰብሳቢዎች ሚዛን የተመዘነ እንደ ሆነ፥ ይህ መሣሪያ ፍሬቱ የጠፋ፥ ቅቡ ያልታወቀ፥ እንጨቱ የተቀጠለ ፍርስራሽ ነው። ሆኖም በዓለም ላይ ከእርሱ የከበረ ቤዝ ቢኖር ይንገሩን።

ስለ ማርከስ ሚለርም ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በ1977 የተሠራው ጃዝ ቤዙ በኒው ዮርክ በሮጀር ሳዳውስኪ እጅ በባትሪ የሚሠራ ፕሪአምፕ ገባበት፥ ድልድዩም ተለወጠ፤ ያን ድምፅ ከዚያ በኋላ ስንቱ ወጣት እንደ ተከተለው የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌዎ ፌንደር ራሱም የፊተኛውን ኩባንያ በ1965 ከሸጠ በኋላ፥ በ1976 በወጣው ሙዚክ ማን ስቲንግሬይ ላይ ይህንኑ ፕሪአምፕ ከፋብሪካው አስገብቶበታል።

«ሳይነካ» የሚለውም ቃል ቢሆን በተፈጥሮ ዘንድ ትርጕም የለውም። የፒክአፑ ሽቦ ከጠጕር የቀጠነ ስለ ሆነ፥ ላብና እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፥ በመጨረሻም ይበጠሳል። ቀጭኑን ድምፅ ወደ መሬት መስመር እያፈሰሰ ወፍራሙን የሚያስቀረው ካፓሲተርም በዕድሜ ብዛት ልኩ ሊለወጥ ይችላል። የድምፅ መቈጣጠሪያው ሲያረጅ በተነካ ቍጥር ይንኳኳል። እንግዲህ ማንም ያልነካው የ60 ዓመት ቤዝ ከፋብሪካ እንደ ወጣው አይደለም፤ ጊዜ ነክቶታል። ጊዜ ያለ ዕውቀት ሲነካው ቅርስ ተብሎ፥ ባለሙያ በዕውቀት ሲነካው ጥፋት የሚባልበትን ምክንያት ልናገኘው አልቻልንም።

በሌላ ወገን ግን፥ መሮ ይዞ ለሚነሣ ሁሉ ጠበቃ ልንሆን አንፈልግም። በ1970ዎቹ የተፈጥሮ እንጨት መልክ ፋሽን ስለ ሆነ ብዙዎች መልካሙን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፤ ፒክአፕ ለመጨመር ብለውም እንጨቱን ቦረቦሩት። ብሎን ተፈትቶ ይታሰራል፥ የተበየደው ይነቀላል፤ የተቦረቦረ እንጨት ግን አይመለስም። ስለዚህ እንጨት መቍረጥ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን፤ እርሱም በመልካም ሠራተኛ እጅ ብቻ። ያም ሆኖ፥ የተፋቀውና የተቦረቦረው ቤዝ እንኳ ዛሬ አንድ በጎ ሥራ ይሠራል፤ ሰብሳቢው ስለሚጸየፈው ዋጋው ይረክሳል፥ ዋጋውም ስለ ረከሰ ከተጫዋች እጅ ይደርሳል። ደመወዙ መጠነኛ የሆነ መምህር ወይም ሙዚቀኛ የ1960ዎቹን ቤዝ እገዛለሁ ብሎ ቢነሣ፥ እንዲህ ያለውን እንዲፈልግ አጥብቀን እንመክረዋለን። ግማሽ ዋጋ የተቀነሰለት ስለ ቀለሙ ነው፤ ከቀለሙ ጋር ግማሽ ድምፅ አልሄደበትም።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ክርክር ግራ ሊገባን አይገባም ነበር። በገና ደርዳሪ በብርኩማው ላይ፥ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር፥ እንዚራ የምትባል ቍራጭ ቆዳ እያገባ ወደፊት ወደ ኋላ በማለት ያን የሚነዝር ድምፅ ያወጣዋል፤ ሳይነካካው የሚደረድር ማን ነው? አዝማሪም የማሲንቆው ጭራ ሲሳሳ ሌላ የፈረስ ጭራ ይጥልበታል፥ ቍርበቱም ሲላላ ይለውጠዋል። የክራሩ ጅማት በናይለን ከተተካም ውሎ አድሮአል። በዚህ ምክንያት «ክራሩ ሐሰተኛ ሆነ» ያለ አዋቂ አልሰማንም። በቤዝ በኩልም ቢሆን፥ በ1975 ማኅሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያስቀረጸውን «እሬ መላ መላ» የሚያዳምጥ ሰው፥ ጆቫኒ ሪኮ ከሥር ሆኖ ዜማውን እንዴት እንደ ተሸከመው ያደንቃል፤ የመሣሪያው ብሎን የትኛው ፋብሪካ እንደ ሆነ አይጠይቅም።

እንበልና ዛሬ በአንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ቤዝ ጊታር ተቈልፎበት አለ። ፒክአፑ ሞቷል፥ አንገቱ ጐብጧል፤ «ኦሪጂናሉ ዕቃ እስኪገኝ» ተብሎ በመዝገብ ሰፍሮ ዓመታት ያልፋሉ። ይህን ቤዝ የያዘ ሹም ወይም መምህር ሊያደርግ የሚገባው ይህ ነው። በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ በመጠኑ ይጥበቅና አንገቱ ይቃና። የተበጠሰው የፒክአፕ ሽቦ እንደ ገና ይጠቅለል፤ ጠቅላይ ካልተገኘ አዲስ ፒክአፕ ይግባበት። የሚንኳኳው መቈጣጠሪያ 250 ኪሎ ኦም ባለው አዲስ ይተካ። የወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ አይጣል፤ በፖስታ ታሽጎ፥ ቀኑና የሠራተኛው ስም ተጽፎበት ከመሣሪያው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ከዚያም የዕቃ ቤቱ ቍልፍ ከንብረት ክፍሉ ወደ ሙዚቃው መምህር ይዛወር።