የቤተሰብ ዓምድ፦ የምስርና የድንች ሰላጣ በትኩስ ማጣፈጫ

የጦር ሰፈር ብርታት የሚለካው በጥበቃ ቦታና በልምምድ ሜዳ ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ ምድጃ ዙሪያም ይለካል። የደመወዝ ቀን ሲርቅና ገበያው ሲከብድ፣ ከድስቱ አስቀድሞ የሚጎድለው ሥጋ፣ ድርሻዋን አስቀድማ የምትቀንሰውም እናት መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ነፍሰ ጡር ወይም አራስ በሆነች ጊዜ ደግሞ ይህ ቁጠባ ብርቱ ጉዳት አለው፤ ደም ማነስ ድምፁን ሳያሰማ ሰርጎ የሚገባ ጠላት ነውና። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ምስርንና ድንችን በትኩስ ማጣፈጫ አዋሕዶ ጥሩ ራት ማድረግ የሚቻልበትን ዘዴ እናቀርባለን።

ለአምስት ሰው የሚበቃው፦ 2 የሻይ ብርጭቆ ድፍን ምስር፣ 1 ኪሎ ድንች፣ 2 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 2 ቃሪያ፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዘይት፣ 3 ሎሚ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ እና ጨው ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በቅድሚያ ሰናፍጩን በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ፣ ኃይሉ እስኪወጣ 10 ደቂቃ ያህል ከድኖ ማቆየት። ምስሩን ለቅሞና አጥቦ፣ ፍሬው ሳይፈርስ እስኪበስል ቀቅሎ ማጥለል። ድንቹን ውሃ እንዳይገባበት ከነልጣጩ ቀቅሎ፣ ሙቀቱ ሳይለቀው ልጦ መክተፍ።

ለማጣፈጫው፣ ዘይቱን በመጠነኛ እሳት አሙቆ የተከተፈውን ቀይ ሽንኩርት መጨመር፤ ሳይጠቁር ለስለስ ሲል ነጭ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ማከል፤ መዓዛው ሲያውድ ከእሳት ማውረድ። ሎሚው፣ ሰናፍጩና ጨው የሚገቡት ከወረደ በኋላ ነው፤ የሰናፍጭ ኃይል በእሳት ይጠፋልና። ከዚያም ማጣፈጫው ሳይቀዘቅዝ በትኩሱ ድንችና ምስር ላይ አፍስሶ በዝግታ ማገላበጥ። ትኩስ ድንች ማጣፈጫውን ወደ ውስጡ ይጠጣል፤ የቀዘቀዘ ግን ከላዩ ብቻ ይዞት ይቀራል።

የሎሚው ጥቅም በጣዕም ብቻ አይወሰንም። ምስር ብረት የተባለው ማዕድን አለው፤ ሆኖም ሰውነታችን የጥራጥሬን ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ አይወስደውም። በሎሚ ውስጥ ያለው ቪታሚን ሲ በዚህ ይረዳል፤ እሱንም እሳት ይጎዳዋልና ሎሚውን አብሮ ማፍላት አይገባም። ቡናና ሻይ ግን ተቃራኒውን ይሠራሉ፤ ስለዚህ ማዕድ ከተነሣ በኋላ ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ይበጃል። ደም ማነስ የያዛት እናት ግን ምግብ ብቻውን አይበቃትምና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርባታል።

ሎሚ ለጦር ሰው የቆየ ባለውለታ ነው። በ1747 እ.ኤ.አ. የባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሊንድ፣ በቪታሚን ሲ እጦት በሚመጣው ስከርቪ የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ልዩ ልዩ ነገር ቢሰጣቸው፣ ከሁሉ ፈጥነው ያገገሙት ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ነበሩ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ግን የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ እንዲታደል ያዘዘው በ1795 ነው። በመካከሉ ባለፉት 48 ዓመታት ብዙ መርከበኛ መድኃኒቱ እየታወቀ ሞተ። ዕውቀት ከወረቀት ወጥቶ ወደ ማዕድ ካልደረሰ ማንንም አያድንም።

ስለዚህ ለባሎች አንድ ቃል እናክላለን። ሽንኩርት መላጥ ማዕረግ አያስቀንስም። ከተረኛነት ነፃ የሆነ ወታደር ድንቹን ይላጥ፣ ሎሚውን ይጭመቅ፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነውና። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሰላጣው እንዳያድር በልክ ይሠራ። ማዕዱ ሲቀርብም የባለቤቱ ድርሻ ከእርሱ ድርሻ አለማነሱን፣ ማንም ሳይጎርስ በፊት፣ በዐይኑ ይመልከት።