“የአገር ውስጥ ምርት ነው” ስላልን ብቻ አንድንም፦ ኮቪድ በአትክልት ተራ በኩል ያሳየን ነገር

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. “የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ” ሲባል ብዙው ሰው የሮጠው ማስክና ሳኒታይዘር ፍለጋ ነበር። የሎሚና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ የናረውም ያኔ ነው። ብዙ ያልተወራለት ግን ከመቂ ማሳ እስከ ቤታችን ድስት ያለው መንገድ ነው።

ምግብ ከሩቅ አገር ሲመጣ ያሰጋል፣ ከቅርብ ሲመጣ ግን ችግር የለውም ብለን እናስባለን። አዲስ አበባ ከምትበላው ቲማቲምና ሽንኩርት ብዙው የሚመጣው ከቆቃ፣ ከመቂ፣ ከባቱ አካባቢ ነው። መቂ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ በአይሱዙ የጥቂት ሰዓት መንገድ። ታዲያ ይሄ አጭር መንገድ ለምን ተናጋ?

👉 ሠራተኛው፦ ክልሎች የሕዝብ ትራንስፖርት ሲያቆሙ የጭነት መኪና ግን መሥራቱን ቀጥሏል። ዕቃው መንገድ አገኘ፣ ሰው ግን አላገኘም። ቲማቲም ደግሞ ራሱን አይለቅምም፤ ከሌላ አካባቢ መጥቶ በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ይፈልጋል።

👉 ግብዓቱ፦ ማሳው እዚሁ ነው፤ የአትክልት ዘሩና የፀረ ተባይ መድኃኒቱ ግን በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው። የዓለም ንግድ ሲያነጥስ የመቂ ገበሬም ጉንፋን ይይዘዋል።

👉 ገዢው፦ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ሸኙ፣ ሆቴሎች ጭር አሉ። በአንዴ ብዙ የሚገዙት እነሱ ነበሩ። ላዩ ላይ “ጥሬ አትክልት ኮሮና ያስይዛል” የሚል ወሬ ተጨመረ።

👉 ገበያው፦ ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። የሚሊዮኖች ከተማ አትክልት በብዛት የሚራገፈው ፒያሳ አትክልት ተራ፣ አንድ የተጨናነቀ ቦታ ላይ ነበር። መተፋፈጉን ለመቀነስ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ለጤና ሲባል ልክ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን ሜዳው ጭቃ ሆነ። የ2013 ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ጃንሜዳ ለበዓሉ መለቀቅ ስላለበት ነጋዴው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ዓመት ሳይሞላ ሁለት ጊዜ ጓዝ ማንሳት ማለት ነው።

እንዲህ ሲሆን ኪሳራው ማን ላይ ያርፋል? ሽንኩርት በደንብ ከደረቀ ሳምንታት ይቆያል፤ ቲማቲም ቀናት ነው ያለው። ስለዚህ የቲማቲም ገበሬ “ዋጋው እስኪስተካከል ልጠብቅ” ማለት አይችልም፤ ደላላው የጠራለትን ይቀበላል። ማሳ ላይ ዋጋ ወረደ ማለት ደግሞ ጉልት ላይ ወረደ ማለት አይደለም። መሃል ላይ ጫኝና አውራጅ፣ ትራንስፖርትና በየመንገዱ የሚበላሸው አለ።

እውነቱን ለመናገር ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። ሹፌሩ ነድቷል፣ ደላላው በስልክ አገናኝቷል፣ የጉልት እናቶች ስጋቱ እያለም ወጥተው ሸጠዋል። ከተማዋን የመገበው የእነሱ ድካም ነው። ግን የምግብ ዋስትናን በሰው ብርታት ላይ ብቻ መጣል አያዛልቅም።

ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ጥንካሬ ያለው በመንገዱ ማጠር ሳይሆን በመንገዱ መብዛት ነው። ከዚያ ወዲህ በየክፍለ ከተማው የተስፋፉት የእሁድ ገበያዎች ጥሩ ጅምር ናቸው፤ ምርቱ በብዙ በር ይገባል። ነገር ግን ማክሰኞ የተለቀመ ቲማቲም እሁድን አይጠብቅም። እዚያው መቂና ባቱ ላይ ቀዝቃዛ ማቆያ፣ አገር ውስጥ የሚባዛ ዘር፣ ገበሬው በማኅበሩ በኩል ከትምህርት ቤትና ከሆስፒታል ጋር የሚዋዋልበት አሠራር ካልተጨመረ፣ ቀጣዩ ወረርሽኝ ወይም የነዳጅ እጥረት ያንኑ ደካማ ቦታ ይመታል።

እናንተ ሰፈር አትክልት ከየት ነው የምትገዙት? ያ ቦታ ነገ ቢዘጋ ሌላ አማራጭ አላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።