ካሜራው ታርጋ ያያል፤ መሪ የያዘውንስ?

ባለፈው ወር አንድ ዘመዴ ከጎንደር ደወለልኝ። የአይሱዙውን ቦሎ ሊያሳድስ ሄዶ ነው። "አንተ፣ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኸው አይደል? እስቲ ይኼን አስረዳኝ" አለኝ። መኪናው ላይ ያልተከፈለ የፍጥነት ቅጣት ተገኝቶበታል። ቦታው አዲስ አበባ፣ ጊዜው ከወራት በፊት፣ የያዘው ደግሞ ካሜራ ነው ተባለ። ዘመዴ አዲስ አበባን ካያት ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከሸሕዲ ሰሊጥ ጭኖ የሄደው ሹፌሩ ነው፤ ያ ሹፌር ደግሞ ሥራ ለቆ ሌላ መኪና ይዟል፣ ስልኩም አይነሳም። ዘመዴ ምን ያድርግ? ቅጣቱን ከፈለ፣ ቦሎውን ለጠፈ፣ ወደ ሸሕዲ ተመለሰ።

ሹፌሩ እስከ ዛሬ መያዙን አያውቅም።

ይኼን ስሰማ ትዝ ያለኝ ጋሪ ቤከር ነው። ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ላልተማራችሁም ታሪኩ ቀላል ነው። አሜሪካዊው ፕሮፌሰር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊፈትን ሲሄድ ይረፍድበታል። መኪናውን ከፍሎ ማቆሚያ ያስገባት ወይስ ክልክል ቦታ አቁሟት ይሩጥ? የመያዝ ዕድሉን፣ የቅጣቱን መጠንና የሚያተርፈውን ደቂቃ በጭንቅላቱ አሰላና ክልክሉ ቦታ አቆማት። አልተቀጣም። ከዚያች ስሌት የተነሳው ሐሳብ በ1968 ስለ ወንጀልና ቅጣት ያሳተመው ጥናት ሆነ፤ በ1992 ደግሞ ኖቤል ተሸለመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጥፊ የሚያሰላው የቅጣቱን ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩ በመያዝ ዕድል ተባዝቶ የሚወጣውን ነው። ቅጣቱ 1,000 ብር ነው እንበል። ከ200 ጉዞ አንዴ ብቻ የምትያዝ ከሆነ አንዱ ጉዞ የሚያስከፍልህ 5 ብር ነው። በ5 ብር ዛሬ ሸሕዲ ላይ አንድ ሲኒ ቡና አይገኝም። ቅጣቱን እጥፍ እናድርገው፤ 10 ብር ሆነ። አሁንም ቡና የለም።

እኛ አገር ግን ቶሎ የሚነካው የቅጣቱ ቁጥር ነው። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ በ2003 ዓ.ም. በቁጥር 208 ወጣ፣ በ2009 በቁጥር 395 ተሻሻለ፣ ከዚያ 557/2016 መጣ። "ቅጣት ጨመረ" የሚለው ዜና የሁላችሁም ስልክ ላይ ዞሯል። "የመያዝ ዕድል ጨመረ" የሚል ዜና ያየ ካለ ይላክልኝ። ካሜራን የምደግፈውም ለዚህ ነው። ካሜራ ምሳ አይወጣም፣ "ወንድሜ ዛሬን ብቻ እለፈኝ" ሲሉት አይሰማም። በሸሕዲ–ጎንደር መንገድ የሄደ ሰው ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ብልጭ ሲያደርግ ትርጉሙን ያውቃል፤ "ትራፊክ አለ፣ ቀስ በል" ነው። ሾፌሮች እርስ በርስ የሚገባቡት ነፃ ኢንሹራንስ በሉት። ትራፊኩን ካለፉ በኋላ ምን እንደሚደረግ ደግሞ ልንገራችሁ እንዴ?

ችግሩ ካሜራው የሚያየው ታርጋ መሆኑ ነው። ታርጋ ደግሞ ቤንዚን አይረግጥም።

እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ የምትነዱት መኪና ሊብሬ በማን ስም ነው? ስም ማዛወር ወጪና ምልልስ ስላለው ብዙ መኪና የሚሸጠው በውክልና ነው። አንድ አይሱዙ ሦስት እጅ አልፎ ሊብሬው ግን የመጀመሪያው ሰውዬ ጋ ቀርቶ ታገኛላችሁ። የዘመዴ እንኳ ይሻላል፣ መኪናው የእሱ ነው። በውክልና የሸጠ ሰው ግን የማያውቀው ሹፌር በማያውቀው መንገድ ላይ ያጠፋው ጥፋት በስሙ ይጻፋል። ስለዚህ የመያዝ ዕድሉ ለታርጋው ከፍ ብሏል፤ መሪ ለያዘው ሰው ግን ያው ዜሮ አካባቢ ነው። የቤከር ቀመር የሚሠራው ደግሞ በሰው ጭንቅላት ውስጥ እንጂ በታርጋ ላይ አይደለም።

እንግሊዞች ይኼን ቀዳዳ የደፈኑት በአንድ ወረቀት ነው። ካሜራ ሲይዝ ደብዳቤው በባለቤቱ ስም ይሄዳል፤ ባለቤቱ በ28 ቀን ውስጥ "ያን ሰዓት የነዳው እገሌ ነው" ብሎ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ዝም ካለ ዝምታው ራሱ ጥፋት ነው። ቅጣቱም ነጥቡም ወደ ነጂው ይዞራል። እኛም በደንቡ የጥፋት ነጥብ አለን፤ ነጥብ ግን ገንዘብ ስላልሆነ ባለቤት ለሹፌሩ ሊከፍልለት አይችልም። ከሁሉም የሚያስፈራው እሱ ነበር፣ ሰውየው ከተገኘ።

አሁን ወደ ቆላው ልመልሳችሁ። እኔ ሸሕዲ ላይ የፍጥነት ካሜራ አይቼ አላውቅም፤ መንገዱን ግን አውቀዋለሁ። ከሸሕዲ በኮኪት አድርጎ መተማ ዮሐንስ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። በ60 ከሄድህ 40 ደቂቃ፣ በ80 ከሄድህ 30 ደቂቃ። ትርፉ 10 ደቂቃ ነው። እሷም ኬላ ላይ ሰልፍ ስትደርስ ትጠፋለች። ታዲያ ለምን ይበራል? ሹፌሩ የሚከፈለው በምልልስ ስለሆነ ነው። በቀን አንድ ዙር ቢጨምር የእሱ ነው፤ ጎማ ቢፈነዳ የባለቤቱ ነው፤ ሰው ቢገጭ የሁላችንም። በዚያ ሙቀት፣ ከልክ በላይ በተጫነ መኪና፣ ጎማ መፈንዳቱ ደግሞ ዕድል ሳይሆን ጊዜ የሚጠብቅ ነገር ነው።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰሊጥ ሲደርስ መንገዱን ማየት ነው። ከደጋ የመጣ የቀን ሠራተኛ አይሱዙ ጀርባ ላይ ቆሞ ወደ እርሻ ይሄዳል፤ ትራክተር ተሳቢ እየጎተተ አስፋልት ላይ ይወጣል፤ ባጃጁ፣ አህያው፣ የከብት መንጋው እዚያው ነው። አይሱዙን ሕዝቡ "አልቃይዳ" ብሎ የሰየመው በፍቅር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ገዳይ አደጋ በ4 በመቶ ይጨምራል። ከ60 ወደ 80 ስትሄድ ፍጥነቱ በሲሶ ይጨምራል፤ መኪናው ይዞት የሚመጣው የግጭት ኃይል ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ክፉኛ የተጎዳ ሰው ወደ ጎንደር ነው የሚላከው፤ መንገዱን የምታውቁ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ሁሉም ሟች ደግሞ መዝገብ ላይ አይደርስም። ድርጅቱ ለ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መረጃ ኢትዮጵያ ያሳወቀችው የመንገድ አደጋ ሟች 4,352 ሲሆን ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው 27,326 ነው። ግምት ግምት ነው፣ ልዩነቱ ግን የአንድ ከተማ ሕዝብ ያህላል።

እዚህ ላይ ከመተማ አንድ ታሪክ ላስገባ። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የዞረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ሱዳን የዞረችው በ1965 ነው። ማለትም ለዘጠኝ ዓመት ያህል መተማን ተሻግሮ ጋላባት የገባ ሹፌር መንገድ መቀየር ነበረበት። ለዚህ ካሜራ አያስፈልግም ነበር። በተሳሳተ ጎን የነዳ ሰው ቅጣቱን ከፊቱ ሲመጣ ያየዋል። ፍጥነት ግን እንደዚያ አይደለም፤ መቶ ጊዜ በርረህ መቶ ጊዜ በሰላም ትደርሳለህ፣ በደረስህ ቁጥር "ምንም አይሆንም" የሚለው እምነትህ ይጠነክራል። ሕግ በራሱ የማይከበረው እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን መደበቅ አልችልም። ላለፉት ዓመታት በእኛ አካባቢ ያለው ግጭትና እገታ የፍጥነትን ስሌት ገልብጦታል። ሹፌሩን "ለምን እንዲህ ትበራለህ?" ስትለው "መሽቶብኝ መንገድ ላይ እንዳልቀር" ይልሃል። ምን ትመልስለታለህ? ቀስ ማለት ራሱ ሥጋት በሆነበት መንገድ ላይ 1,000 ብርም 5,000 ብርም ወሬ ነው። ይኼ በትራፊክ ደንብ የሚፈታ አይደለም፤ ግን ስለ ሸሕዲ መንገድ ፍጥነት ተነጋግሮ እሱን መዝለል መዋሸት ነው።

የሚቻለውስ ምንድን ነው? መጀመሪያ፣ መልእክቱ በዕለቱ ይድረስ። ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ጀምሮ የስንት ነገር ደረሰኝ በሰከንድ ስልካችን ላይ ይገባል፤ ቅጣት ብቻ ለምን ቦሎ እስኪታደስ ይጠብቃል? ዘመዴ በማግስቱ ቢያውቅ ሹፌሩ ገና እጁ ላይ ነበር። ሁለተኛ፣ ባለቤት ነጂውን በስም የሚያሳውቅበት አሠራር ይኑር፤ በውክልና የሸጠም ገዥውን ጠቁሞ ከተጠያቂነት ይውጣ። ይኼ ብቻ ብዙ ሰው ስም እንዲያዛውር ይገፋዋል ብዬ አስባለሁ።

ሦስተኛው ለቆላው ነው፣ ካሜራም አይፈልግም። የሕዝብ መኪና ከመናኸሪያ ሲወጣ ስምሪት ይቆረጥለታል። ሰዓት ይጻፍበት። አይከል ሲደርስ ሰዓቱ ይታይ። ርቀቱ የታወቀ ነው፤ ርቀት ለሰዓት ማካፈል ደግሞ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ቀድሞ የደረሰ በርሯል ማለት ነው። "በርሮ ነጋዴ ባሕር ላይ ቆሞ ቡና እየጠጣ ሰዓት ይገድላል" ትሉኝ ይሆናል። ይጠጣ! ቡና እየጠጣ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ነገ መብረሩ ምን ጠቀመኝ ማለት ይጀምራል። አንድ ትራፊክ ብቻውን የሚያየውን ሦስት መቶ ሜትር መንገድ በዚህ መንገድ አሥሮችን ኪሎ ሜትር ታደርገዋለህ።

ዘመዴ አዲስ ሹፌር ቀጥሯል። ይኼን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ ምልልሱን ትቶ በወር ደመወዝ ተስማማ፤ ቅጣት ከመጣ የነዳው እንዲከፍልም ወረቀት ተፈራረሙ። ደስ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ቤቱ ቁጭ ብለን ሳለ ሹፌሩ ደወለ፤ አይከልን ገና ማለፉ ነው።

"እስካሁን?!" አለው ዘመዴ። "ምን ስትሠራ ነው የዋልኸው?"