ጥማድ በሬው ከመሸጡ በፊት

ልጁን ወደ ውጭ ለመላክ ጥማድ በሬውን የሚሸጥ አርሶ አደር ጥቂት አይደለም። ገንዘቡ ቀበሌ ድረስ ለመጣ ደላላ፣ አለዚያም አዲስ አበባ፣ አብነት ወይም መርካቶ አካባቢ ‹‹ቢሮ አለኝ›› ለሚል ሰው ይሰጣል።

ሕጉ ግን ሌላ ነው። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራና ክትባት፣ ለልደት ማስረጃ፣ ለሙያ ብቃት ማረጋገጫና ለመሳሰሉት ሰነዶች ነው። ይህ ደግሞ ጥማድ በሬ አያስሸጥም።

ዋናው ችግር የሙያ ማስረጃው ነው። ካናዳ ውስጥ ክፍለ ሀገሮች የሚፈልጉትን ባለሙያ ራሳቸው መርጠው ለፌዴራሉ መንግሥት ያቀርባሉ፤ ማኒቶባ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ትሠራበታለች። የሚታየው ትምህርት፣ የሥራ ልምድና ቋንቋ ነው። የእኛ ወጣት ማሳ በመስኖ አልምቶ፣ ከብት አድልቦ ያደገ ነው፤ ይህን የሚያስረዳ ወረቀት ግን በእጁ የለም። ዓረብ አገር ሲደርስም ሙያ እንደሌለው ይቆጠራል።

የወረዳ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች ስንት ሰው እንደተላከ ከመቁጠር ይልቅ ከግብርና ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው ይህን የማሳ ሙያ የሚያስመዝኑበትን መንገድ ቢያበጁ ይሻላል። ባይሄድ እንኳ ወረቀቱ እዚሁ እርሻ ላይ ያስቀጥረዋል።