ቀብሩ ላይ ሳይሆን ደብተሩ ላይ ጻፉ!



ውድ የመቱ፣ የጎሬ፣ የሁሩሙ፣ የያዮ፣ የበደሌና የአካባቢው ወጣቶች! ዛሬ የምናነሳው ጀናዛ ልንሸኝ ስንሄድ አጠገቡ አልፈን ስለምንሄደው ጉዳይ ነው፤ በየመቃብራችን ስላሉት አሮጌ ድንጋዮች።

ወጣቶች ተሰባስበው የቆዩ ቀብሮችን በፎቶ፣ በካርታና በደብተር ይመዝግቡ የሚል ሐሳብ ሲነሳ ሦስት መልሶች ይሰማሉ። «ይህ ወደ ሺርክ የሚወስድ መንገድ ነው»፤ «ለሕያዋን ሳንደርስ ስለ ሙታን ምን አስጨነቀን?»፤ «ይህ የመጅሊስ ሥራ ነው»። ሦስቱም ሲመረመሩ አይቆሙም። አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያው መልስ ከዲን ቅናት የመጣ ስለሆነ በአክብሮት ሊመለስ ይገባል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቀብርን በኖራ መለሰንና በላዩ ላይ መገንባትን ከልክለዋል። በአንዳንድ ዘገባዎች በቀብር ላይ መጻፍም ተከልክሏል፤ ዑለሞችም ለማወቂያ ያህል ስም መጻፍ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ተለያይተዋል። ይህን ሁሉ እንቀበላለን። ግን ሌላውንም እናስታውስ። ዑስማን ኢብን መዝዑን (ረ.ዐ) ሲቀበሩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገዛ እጃቸው ድንጋይ አንስተው በራስጌያቸው አኑረዋል። ምክንያቱንም ተናግረዋል፤ የወንድማቸውን ቀብር እንዲያውቁበትና ከቤተሰባቸው የሚሞተውን አጠገቡ እንዲቀብሩ። አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

መስጂድ ትጠርግ የነበረችውንም ሴት አስታውሱ። በሞተች ጊዜ ሰዎች ነገሩን አቅልለው ሳይነግሯቸው ቀበሯት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ ቀብሯን እንዲያሳዩዋቸው ጠየቁ፤ ሄደውም ሰገዱባት። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ላይ አለ። እስቲ አስቡት፤ ቀብሯን የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ ማን ያሳያቸው ነበር? ያቺ ሴት ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት አልነበረችም፤ መስጂድ ጠራጊ ነበረች። የእሷን ቀብር ለይቶ ማወቅ ከሺርክ ካልተቆጠረ፣ የአያትህን ቀብር ለይቶ ማወቅ በምን ሒሳብ ሺርክ ይሆናል?

ደግሞም ማንም ቀብር ላይ ጻፉ አላለም። ጉልላት ሥሩ፣ ቀለም ቀቡ፣ ጨርቅ አልብሱ የሚል የለም። ድንጋዩ እንዳለ ይቀመጥ፤ ስሙ ደብተር ላይ፣ ቦታው ካርታ ላይ ይስፈር። በቀብር ላይ መጻፍን የሚጠላ ሰው ከሁሉም በፊት ይህን ሥራ ሊደግፍ በተገባው ነበር፤ ድንጋዩን ሳይነካ ስምን የሚያቆይ መንገድ ነውና።

ሁለተኛው መልስ የሕያዋን ጉዳይ ይቀድማል ይላል። ይህም የሕያዋን ጉዳይ ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላው አገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት ለሞተ አብዛኛው ሰው የሞት የምስክር ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። ያለው ማስረጃ ሁለት ብቻ ነው፤ ራስጌው ላይ የቆመው ድንጋይና ሲቀበር የነበሩ ሽማግሌዎች ትዝታ። ድንጋዩ በኢሉባቦር ዝናብ ይሻግታል፣ በሣርና በቡና ቅጠል ይሸፈናል፣ ቀዩ አፈር ይውጠዋል። ሽማግሌዎቹም በየወሩ ይሄዱብናል።

በተለይ ከወሎ የመጣችሁ ቤተሰቦች ልጆች፣ ይህ እናንተን ይመለከታል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነስቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሰፍሯል። ኢሉባቦር ከዋናዎቹ ተቀባዮች አንዷ ነበረች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወባውና ሌላው በሽታ ስንቱን እንደጨረሰ ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። እነዚያ ሰዎች የት ተቀበሩ? ድንጋይ የቆመላቸውስ ስንቶቹ ናቸው? ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ 60ን አልፏል። ዛሬ ያልጠየቃችሁትን ስም ከ10 ዓመት በኋላ የሚነግራችሁ አታገኙም።

የአገሬው ልጆችም አትዘናጉ። እስልምና በዚህ አካባቢ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጅማ፣ ከጉማና ከሌሎቹ የጊቤ ግዛቶች በመጡ ነጋዴዎችና ዓሊሞች ነው። ጎሬ የጋምቤላ ንግድ ማዕከል በነበረችበት ዘመን የሩቅ አገር ሰው ሁሉ ይመላለስባት ነበር። ይህን ታሪክ በጽሑፍ ያስቀመጠልን ሰው ጥቂት ነው። በድንጋይ ያስቀመጡት ግን በየመቃብሩ አሉ።

ያልመዘገበ ሕዝብ ምን እንደሚገጥመው ከዳህላክ እንማር። በዳህላክ ከቢር ደሴት በዓረብኛ የተጻፈባቸው ከ200 የሚበልጡ ጥንታዊ የሙስሊም የቀብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። ብዙዎቹ ዛሬ ባለቤቶቻቸው ራስጌ የሉም፤ በአስመራ፣ በካይሮ፣ በጣሊያንና በፈረንሳይ ሙዚየሞች ተበትነዋል። መቀሌ አጠገብ ኩይሓ ላይ ያለው የቢለት ጥንታዊ የሙስሊም መቃብርም አለ። ድንጋዮቹን አንብበው ያሳተሙት በዋናነት የውጭ አገር ምሁራን ናቸው፤ በቅርቡ ደግሞ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች አብረው ቆፍረው አጥንተውታል። በእነዚያ ድንጋዮች ምክንያት ነው ዛሬ ማንም «ሙስሊሙ ለደጋው እንግዳ ነው» ቢል ስም ጠርተን የምንመልሰው። ተመራማሪዎቹን እናመሰግናለን። ግን የአባቶቻችንን ስም ለማንበብ ሁልጊዜ ከፓሪስ ሰው መጠበቅ አለብን?

ሦስተኛው መልስ «የመጅሊስ ሥራ ነው» የሚለው ነው። መጅሊስ ይፍቀድ፣ የመስጂድ ኮሚቴ ይወቅ፣ ዑለሞች ይምከሩ፤ ይህ ግዴታ ነው። ጎንበስ ብሎ ሣሩን ገለጥ የሚያደርገው ግን ባለ ጉልበቱና ባለ ስልኩ ወጣት ነው። በሌላው ዓለም ፈቃደኞች በስልካቸው የቀብር ድንጋይ እያነሱ ከነቦታው መመዝገብ ከጀመሩ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ቲክቶክ ላይ ሰዓታት የሚያጠፋ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ከአስር በኋላ ሁለት ሰዓት ያጣል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ሥራውም ውስብስብ አይደለም፤ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል። ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ውጡ። የስልክ ጂፒኤስ በዛፍ ሥር ብዙ ሜትር ሊስት ስለሚችል በእሱ ብቻ አትተማመኑ፤ ሁለት ቀብር በአንድ ነጥብ ላይ ይወድቅባችኋል። ከመስጂዱ ማዕዘን ወይም ከማይነቃነቅ ምልክት ተነስታችሁ በሜትር ለኩ፤ ረድፍ በረድፍ ንድፍ ሣሉ። የደበዘዘ ጽሑፍ የጠዋት ወይም የማታ ፀሐይ በጎን ሲያርፍበት ይነበባል። በሽቦ ብሩሽ አትፈግፍጉ፣ በረኪና አትጠቀሙ፣ የወደቀውን ድንጋይ ከቦታው አታንሱ፣ ቀብር ላይ አትቁሙ። የሒጅራ ቀን ካለ እንዳለ ገልብጡ፤ ሒሳቡ በኋላ ይደረሳል። ሰውየው በፈረስ ስሙ ከታወቀ ሁለቱንም ስሞች ጻፉ፤ በአፋን ኦሮሞ የተነገራችሁንም እንደተነገራችሁ አስፍሩ። እህቶች ደግሞ እናቶችን ጠይቁ፤ «የእገሌ እናት» እየተባለች የተቀበረችውን ሴት ትክክለኛ ስም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የተሰበሰበውን ፌስቡክ ላይ ለመለጠፍ አትቸኩሉ፤ አንድ ቅጂ በመስጂዱ፣ አንድ በመጅሊሱ ይቀመጥ፤ መቱ ዩኒቨርሲቲም ደጃችን ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ። ካርታው ከጎረቤት ጋር መጣያ አይደለም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም ጎንደር ላይ በአንድ ታላቅ ሸይኽ የቀብር ሥነ ሥርዓት ወቅት የደረሰውን እናስታውሳለን። ቤተ ክርስቲያን የሚዋሰነው፣ ቀድሞም ጭቅጭቅ የነበረበት መቃብር ላይ ነበር ደም የፈሰሰው። ወሰን የሚለካው በሰላም ጊዜ፣ በሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ፊት ነው። ጠብ ከተነሳ በኋላ የሚወጣን ካርታ ማንም አያምነውም። ዛሬ መቱ ሰላም ነች፤ አልሐምዱሊላህ። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ከተሞቻችን እየሰፉ ነው። መንገድ ይቀየሳል፣ መሬት ይሸነሸናል። መሐንዲሱ ሜትሩን ይዞ ሲመጣ «እዚህ አባቶቻችን አሉ» ማለት አይበቃም፤ እነማን ናቸው ቢባል መልስ ያስፈልጋል። መልሱ ዛሬ በየሰፈሩ በሽማግሌዎች ልብ ውስጥ አለ። ነገ ከእነሱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፤ ከጁሙዓ በኋላ ሦስት ሆናችሁ ኢማማችሁን አማክሩ። አንድ ደብተር፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ስልክ ያዙ። ስትገቡ ለቀብሩ ሰዎች ሰላምታ አቅርቡ፣ ዱዓ አድርጉላቸው፣ አኺራን አስታውሱ። ከዚያም ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሩ።

አላህ ለሙታኖቻችን ይማር፤ እኛንም ለመልካሙ ይወፍቀን። ኣሚን።