እናቶቻችን «ፀባያቸው ተቀየረ» ሲባል፦ ማረጥ እና ድባቴ

እናታችሁ ሰሞኑን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሏታል? በትንሽ በትልቁ ሆድ ይብሳታል? ጎረቤት ቡና መጥራትም ትታለች? ብዙዎቻችን «ዕድሜ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ሳይመጣ ሲቀር ማረጥ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ያጋጥማል። ግን በአንድ ጀምበር አይመጣም። ከዚያ በፊት የወር አበባው የሚዛባበት፣ ዓመታት ሊወስድ የሚችል የሽግግር ጊዜ አለ።

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2024 ከ9,000 በላይ ሴቶች የተካተቱባቸውን 7 ጥናቶች አንድ ላይ መርምረው ነበር። በሽግግሩ ላይ ያሉት ሴቶች፣ ገና ወደዚያ ካልደረሱት ይልቅ ለድባቴ የመጋለጥ ዕድላቸው በ40 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ካረጡት ሴቶች ላይ ግን ይህን ያህል ልዩነት አልታየም።

ማለትም ነገሩ የሚከብደው የወር አበባው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ነው። ያኔ ደግሞ እሷም ቤተሰቡም ማረጥን አያስቡም።

ለምን ይሆናል? ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በዚህ ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ስሜትን የሚነኩ የአንጎል ኬሚካሎችም አብረው ይናጋሉ። ድንገተኛ ሙቀትና ላብ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል። ልጅ ማስተማሩ፣ ወላጅ መጦሩ፣ የኑሮ ውድነቱ ሲጨመርበት አስቡት። ሁሉም ሴት ድባቴ ይይዛታል ማለት ግን አይደለም። ከዚህ ቀደም ድባቴ የነበረባት የበለጠ ትጋለጣለች።

እንግሊዝ በጥቅምት 2025 (በፈረንጆቹ) ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ለሆኑ በሚሰጠው ነፃ የጤና ምርመራ ላይ ስለ ማረጥ ጥያቄ እንደሚጨመር አስታውቃለች። መጠየቅ ብዙ ወጪ የለውም። እኛም ጋ የ48 ዓመት ሴት «እንቅልፍ አጣሁ፣ ደከመኝ» ብላ ጤና ጣቢያ ስትመጣ፣ ደም ግፊቷን ከመለካት ጋር «የወር አበባሽስ? ስሜትሽስ እንዴት ነው?» ማለት ይቻላል።

እኛ ልጆችስ? የአእምሮ ህክምና ሲባል ቶሎ የሚመጣልን አማኑኤል ነው፤ እናቶችም ለዚህ ነው የሚሸሹት። ግን የንግግር ህክምናም፣ መድኃኒትም፣ ለአንዳንዶች የሆርሞን ህክምናም አለ። ሐዘኑና የነገር ሁሉ ማስጠላቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ይዛችኋት ሂዱ። «ብሞት ይሻለኛል» ካለች ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ሂዱ።